ሲወድቅ ሆዱን ስለሚዘከዝከው የመስኮት ቁጥር ሦስት ኮምፒውተር

ለክቡር የሆስፒታላችን የመረጃ ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር
ባሉበት ፎቅ

ጉዳዩ፦ ከልብ የመነጨ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ በሚገባበት ሰዓት እርስዎ በሙሉ ጤንነት፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ በሙሉ ደስታ፣ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣም እንደወትሮው ያለ አንዳች መቆራረጥ በሥራ ላይ እንዲገኙ ምኞቴ የላቀ ነው። እርስዎም ስለ እኔ ጤና ጠይቀውኝ ቢያውቁ ኖሮ ደህና ነኝ እልዎት ነበር።

በፊርማዎ የወጣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በስሜ የደረሰኝ ቢሆንም በአካል ስለማንተዋወቅ፣ አስቀድሜ ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ በምድር ቤቱ፣ ከደረጃው ሥር፣ የላቦራቶሪው የመስኮት ቁጥር ሦስት ውጤት ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ቀላል ነው። ላቦራቶሪው የመረመረውን በኮምፒውተር ይልክልኛል፤ እኔ አትሜ፣ በፖስታ አሽጌ ለባለቤቱ እሰጣለሁ። ለባለቤቱ ብቻ። ለባልም ቢሆን አልሰጥም፣ ለሚስትም አልሰጥም፣ «እኔ እኮ ወንድሟ ነኝ» ለሚል አልሰጥም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በዚያች መስኮት ያላየሁት የሰው ፊት የለም፤ ቤቴ ገብቼ እህቴ «ዛሬ ምን አየሽ?» ስትለኝ ግን መልሴ «ወረፋ» ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያኮራኝ የምስክር ወረቀት የለኝም።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይደበላለቅብን ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰማያዊው ስክሪን አመሰግናለሁ። አዲሱን የምዝገባ ፕሮግራም ካስገቡልን ወዲህ ኮምፒውተሬ በሳምንት አራት ጊዜ፣ ሲከፋውም አምስት ጊዜ፣ በሥራ መሐል ድንገት ሰማያዊ ለብሶ ቀጥ ይል ነበር። በዚህም ምክንያት ወረፋ የያዙ ሕሙማን ከእኔ ጋር የመቀራረብ ሰፊ ዕድል አግኝተዋል። አንድ አዛውንት የስኳር ውጤታቸውን ሊወስዱ ሦስት ቀን ተመላልሰው፣ በአራተኛው ቀን ከቤታቸው የምትታጠፍ ወንበር ይዘው መጡ። አቤቱታ ባቀረብኩ ቁጥር ከክፍልዎ የሚላክልኝ ባለሙያም ሰው አክባሪ ወንድም ነው፤ ገና ከበሩ ሳይገባ «አጥፍተሽ አብሪው» ስለሚለኝ በግቢው ሁሉ «አጥፍተሽ አብሪው» ተብሎ ቀርቷል። እናቱ ያወጣችለትን ስም አሁን የሚያውቀው የሰው ሀብት መዝገብ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰርኩላርዎ አመሰግናለሁ። አቤቱታችን ሲበዛ ዝም አላሉም፤ ሁለት ማኅተም ያረፈበት ሰርኩላር አወጡ። እንዲህ ይላል፦ «ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ኮምፒውተር ተበላሽቶ ሲቆም በሜሞሪው ውስጥ ያለው ሁሉ ምንም ሳይቀር ተቀድቶ እንዲቀመጥ፣ ለግልጽነት ሲባልም ሁሉም ክፍሎች በሚያዩት የጋራ ፎልደር ውስጥ እንዲገባ ታዟል።»

ይህን ደብዳቤ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቆመው ለሚያነቡ ባልደረቦቼ ጥቂት ላብራራ። ኮምፒውተር ሲሠራ የያዘውን ሁሉ ሜሞሪው ላይ ዘርግቶ ነው የሚሠራው። እኔ የከፈትኩት ውጤት፣ የጻፍኩት የይለፍ ቃል፣ ቅድም የዘጋሁት የመሰለኝ ደብዳቤ ሳይቀር እዚያ ተዘርግቶ ይቆያል። ሲወድቅ ታዲያ ምን ነክቶት እንደወደቀ እንዲታወቅ፣ ከተዘረጋው ላይ ወደ አንድ ፋይል ይገለብጣል፤ ባለሙያዎቹ ዳምፕ ይሉታል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሰው መንገድ ላይ ተዝለፍልፎ ሲወድቅም ምን እንደሆነ ለማወቅ የልቡን ምት ማዳመጥ ደንብ ነው። የእርስዎ ሰርኩላር ግን የወደቀውን ሰው ኪስ መገልበጥንና በኪሱ የተገኘውን ደብዳቤ አደባባይ ላይ መለጠፍንም ከሕክምናው ቆጥሮታል። እንዲህ ያለ ሐኪም በሆስፒታላችን ከዚህ በፊት አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ስለዚያ ማክሰኞ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል፣ ክቡርነትዎ ጊዜ ከሌለዎት ያለ ጥፋቴ እኔን ለመቅጣት ካገኙት ጊዜ ተውሰው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

በልብስ እጥበት ክፍል የምትሠራ እህት አለችን። ስለ እርሷ የምጽፈው በፈቃዷ ነው። እኔና እርሷ አሥራ ስድስት ዓመት ምሳችንን አብረን በልተናል፤ እኔን «እታለም» ትለኛለች። ባለቤቷ የዚሁ ሆስፒታል የጄኔሬተር ባለሙያ ነው፤ ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱም ጊዜ ጨነገፈባት። በመጨረሻው ጊዜ ግቢው ሁሉ እርግዝናዋን አስቀድሞ ሰምቶ ስለነበር፣ ጽንሱ ከጠፋ በኋላ በየኮሪደሩ ከንፈሩን እየመጠጠ የሚያስቆማት ሰው አልታጣም። አንሶላ ለማድረስ ወደ ክፍሎቹ መውጣት ትታ፣ ስምንት ወር ሙሉ ከእጥበት ክፍሉ ብቅ ሳትል ሠራች። «እታለም» አለችኝ በዚያን ጊዜ፣ «ሐዘኑን ችዬው ነበር። ያልቻልኩት አይዞሽ ባዩን ነው።»

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ለምርመራ ደም ሰጥታ፣ አራት ሰዓት ላይ በሻይ እረፍቷ ወደ መስኮቴ መጣች። እጇ ገና አልደረቀም፤ በሽርጧ ትጠርገዋለች።

«እታለም፣ አደራ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«መቼ አጥተሽብኝ ነው አደራ የምትይኝ?»

«ለእሱም ቢሆን እኔ ነኝ የምነግረው። ይሁንም አይሁንም፣ ከእኔ አፍ ነው የሚሰማው።»

«ካንቺው አፍ ነው» አልኳት።

ስሟን ጻፍኩ። ውጤቱ ሲከፈትና ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ሲለብስ አንድ ሆነ። ከስክሪኑ ግርጌ «መረጃ በመሰብሰብ ላይ» የሚል ጽሑፍ ነበረ፤ ከጎኑ ከዜሮ ወደ መቶ የሚቆጥር ቁጥር። በሰርኩላርዎ መሠረት ምንም ሳይቀር እየሰበሰበ ነበርና አይቸኩልም። እኔ ከመስኮቱ ወዲህ፣ እርሷ ከመስኮቱ ወዲያ ሆነን ቁጥሩን አብረን ስናይ ቆየን። መቶ ሲሞላ «በቃ፣ ተሰበሰበ» አልኳት፣ ላጽናናት ብዬ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሺ ብዬም ሸኘኋት።

ቀጥሎ የሆነውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ እርስዎ እዚያው ነበሩ፣ እኔ ግን ኋላ ነው የሰማሁት። አምስት ሰዓት ላይ በስብሰባ አዳራሹ አርባ የክፍል ኃላፊዎችን ሰብስበው ሥልጠና ይሰጡ ነበር። የተበላሸ ኮምፒውተር ምን ያህል መረጃ እንደሚሰጥ ለማሳየት፣ ከጋራ ፎልደሩ ውስጥ አዲሱ ፋይል እንዲከፈት አዘዙ። አዲሱ ፋይል የእኔ ኮምፒውተር ፋይል ነበር፤ ገና ትኩስ ነው። አጥፍተሽ አብሪው በፕሮጀክተር ከፈተው። ግድግዳው በተበታተነ ፊደልና ቁጥር ተሞላ፤ ማንም ምንም አልገባውም፤ አንዳንዱም ማዛጋት ጀመረ። እርስዎም ሥልጠናው እንዳይቀዘቅዝብዎ «ሰው የሚያነበው ነገር ካለበት ፈልግና አሳያቸው» አሉት። ፈለገና አገኘ። በዚያ ሁሉ ዝብርቅርቅ መሐል ስሟ ከነአባቷ፣ «ልብስ እጥበት» የሚለው የሥራ ክፍሏ፣ «የእርግዝና ምርመራ» የሚለው ቃልና «ፖዘቲቭ» የሚለው ውጤት ቁልጭ ብለው በግድግዳው ላይ ወጡ። እርስዎም «አያችሁ? ከቴክኖሎጂ የሚደበቅ ነገር የለም» አሉ። ተጨበጨበ።

ከጨብጫቢዎቹ አንዱ የጽዳት ኃላፊያችን ናቸው። ልባቸው ንጹሕ ነው፤ ድምፃቸው ግን ያለ ማይክራፎን ሦስት ፎቅ ይሻገራል። ደስ ስላላቸው ሥልጠናው እስኪያልቅ እንኳ አልታገሡም፤ በቀጥታ ወደ ጄኔሬተር ክፍል ሄዱ። በዚያን ሰዓት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እየሠራ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለህ!» አሉት ከበሩ ላይ።

ባለቤቷ በዚያ ጫጫታ ግማሹን ብቻ ሰማ። ለወራት ሲለምን የኖረው የጄኔሬተር ዘይት ማጣሪያ ፊልትሮ በዚያው ጠዋት ደርሶለት ስለነበር፣ የዚያ መስሎት «አሜን! ጠዋት ነው የገባው!» አላቸው።

«ፊልትሮ አላልኩም! ሚስትህ! ሚ-ስ-ት-ህ! አርግዛለች!»

ይህን ቃል የጽዳት ኃላፊው ከጄኔሬተሩ ድምፅ በላይ ለማሰማት ሦስት ጊዜ ጮኹ። በሦስተኛው የሬሳ ክፍል ጠባቂው ሳይቀር ሰምቷል።

ከዚያ በኋላ ወደ እጥበት ክፍሉ ያልወረደ ሰው የለም። ያቺ እህት ክንዷን እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ እንደነከረች፣ የራሷን ውጤት ከእንግዳ ሰዎች አፍ ሰማች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ መስኮቴ ላይ ቆመች።

«ውጤቴን ስጪኝ» አለች። አሽጌ ሰጠኋት። ሳትከፍተው ለሁለት ቀደደችው።

«እህቴ፣ በሞቱት ይዤሻለሁ፣ እኔ ትንፍሽ አላልኩም።»

«ካንቺ ሌላ ማን አየው?»

«ኮምፒውተሩ» አልኳት።

«ኮምፒውተሩ» አለች። «ኮምፒውተሩ እግር አውጥቶ ጄኔሬተር ክፍል ሄደ።» ይህን ብላ ዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሃያ ሦስት ቀን ሰላምታዋን አላገኘሁም፤ ምሳዬንም ብቻዬን በላሁ።

አራተኛ፣ ስለ ማስጠንቀቂያው አመሰግናለሁ። ወሬው ግቢውን ካዳረሰ በሦስተኛው ቀን «የሥራ ምስጢር በማባከን» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ከሁለተኛው አንቀጽ እጠቅሳለሁ፦ «በተደረገው ማጣራት ሲስተማችን ምስጢር እንደማያወጣ ስለተረጋገጠ፣ ምስጢሩ የወጣው በሰው መሆኑ ታውቋል።» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ማኅተም አርፎበት ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው። ደብዳቤውን የፈረመው እጅ በዚያ ማክሰኞ ወደ ግድግዳው ሲያመለክት የነበረው እጅ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በዚያን ቀን ግን ምንም አላወቅሁምና፣ ላቅራራብዎ አልችልም፤ የሠራተኞች መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት አንድ ነገር ነበረኝ፤ እሱም በሁለት አንቀጽ አለቀ።

የጽዳት ኃላፊው ከማስጠንቀቂያው በኋላ በሦስተኛው ሰኞ እኔው ዘንድ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያሻሹታል፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም ቀስ ብለው ተናገሩ። «በኔ የተነሳ ተቀጣሽ አሉኝ» አሉ። «ደስታ መስሎኝ ነው እኔ። ደስታም ባለቤት እንዳለው አላሰብኩም።» ከዚያም በአዳራሹ ያዩትን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ይህን ምስክርነት በጽሑፍ ሰጥተውኛል፤ ፊርማቸውም እንደ ድምፃቸው ትልቅ ነው።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ አጥፍተሽ አብሪውን አገኘሁት።

«ግድግዳው ላይ ያሳየኸው ምንድን ነው ወንድሜ?»

«ዳምፕ ነው።»

«ውስጡ ምን ነበረ?»

«ሜሞሪ።»

«ሜሞሪው ውስጥስ?»

«እኔ እኮ ስህተቱን ነበር የምፈልገው» አለኝ። «ሁሉን ያዝ ተባልኩ፣ ያዝኩ።»

«ሁሉን ካልያዝክ ስህተቱ አይገኝም?»

በዚህ ጊዜ እንኳ «አጥፍተሽ አብሪው» አላለኝም። ጫማውን ብቻ አየ።

ምሽቱን ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ጎረቤቴ ዕድሜዋን በስልክ መሥሪያ ቤት ስትሠራ ኖራ በጡረታ የወጣች፣ ሳሎኗን የኮምፒውተር መጠገኛ ያደረገች ሴት ናት፤ ሶፋዋ ላይ ለመቀመጥ ሁለት ኪቦርድ ማንሳት ግድ ነው። የማንንም ስም ሳልጠራ ነገሩን አስረዳኋት።

«ማነው ሁሉንም ያዝ ያለው?» አለችኝ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ።

«አለቃችን።»

«ለምን?»

«ምንም እንዳይቀር።»

«ምን እንደሚቀር ማወቁ እኮ ነው ሙያው» አለችና በአንድ ወረቀት ላይ ሥዕል ሠርታ አሳየችኝ። ክቡርነትዎ ይህን እንደሚያውቁት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ማወቅዎ በሰርኩላሩ ላይ ስላልታየ ልድገመው። ኮምፒውተሩ ሲወድቅ ምን ያህሉን እንደሚያስቀር መምረጥ ይቻላል። ምንም አትያዝ ማለት ይቻላል። የወደቅክበትን ቦታና ያደናቀፈህን ብቻ ጻፍ ማለት ይቻላል፤ ይህኛው ትንሽ ፋይል ነው፣ ለአብዛኛው ብልሽትም ይበቃል። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን መሪ ፕሮግራም፣ የራሱን ክፍል ብቻ ያዝ፣ ሰዎች የከፈቱትን ተው ማለትም ይቻላል። በመጨረሻ፣ ሌላው ሁሉ አልበቃ ሲል፣ ሁሉን ያዝ ይባላል፤ እሱም ቢሆን ተቆልፎ፣ የሚያየው ሰው ተለይቶ ነው። በዚህ ላይ ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው «የይለፍ ቃልና የምርመራ ውጤት የተቀመጠበትን ይህን ቁራጭ ስትወድቅ አታካትት» ብለው ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስቀድመው ሊነግሩት ይችላሉ። «አዲስ ነገር አይደለም» አለች ጎረቤቴ። «የሚጠይቃቸው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።»

ወረቀቱን አጥፌ በማግሥቱ ወደ እጥበት ክፍሉ ወረድኩ። እንፋሎቱ ፊት አያሳይም፤ ማሽኖቹ ይጮኻሉ። እርሷ ከማድረቂያው የወጡትን አንሶላዎች እያጠፈች ነበር። አየችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ። የሆስፒታል አንሶላ ግን ክቡር ሆይ፣ ለአንድ ሰው አይታጠፍም፤ ሰፊ ነው፣ ጫፉ መሬት ይነካል። ሁለተኛውን ጫፍ አነሳሁ። አልነጠቀችኝም። ዘርግተን፣ አጥፈን፣ ተቀራርበን፣ ጫፍ ለጫፍ አገናኝተን፣ እንደገና ተራራቅን። እንዲህ ስንል ሰባት አንሶላ አለቀ። በስምንተኛው ላይ «ያ ኪስሽ ውስጥ ያለው ወረቀት ምንድን ነው?» አለችኝ።

ዘርግቼ አሳየኋት፤ የጽዳት ኃላፊው የነገሩኝንም ነገርኳት። ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበሩት አርባ ሰዎች አንዱ እንኳ እርስዎን ያልጠየቀዎትን ጠየቀችኝ።

«ታዲያ እታለም፣ ኮምፒውተሩ ለምን እንደወደቀ ለማወቅ የእኔ ሆድ ምን ያደርግላቸዋል?»

ጥያቄውን ወደሚመለከተው ክፍል እነሆ አስተላልፌያለሁ።

«ለባለቤቴ የምነግርበትን ቃል አሥራ አንድ ዓመት ስመርጥ ነው የኖርኩት» አለች ቀጥላ። «በፊልትሮ መሐል ጮኹበት። ቤት ሲገባ እኔ ልነግረው የቀረኝ ነገር አልነበረም። እሱም የሚለው ጠፋው፤ ራት በላንና ዝም ብለን ተቀመጥን።» እንባ አልወጣትም። ዘጠነኛውን አንሶላ አነሳችና አንዱን ጫፍ አቀበለችኝ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አብረን ወጣን።

ከዚህ በኋላ የሆነው አጭር ነው። በኮምፒውተሬ ላይ ያለው ምርጫ «ሁሉን ያዝ» ከሚለው «የወደቅክበትን ብቻ» ወደሚለው ተቀየረ። ማን እንደቀየረው በዚህ ደብዳቤ እንዳይካተት ወስኛለሁ፤ ክቡርነትዎም ከእንግዲህ አንዳንድ ነገር ሳይካተት መቅረት እንደሚችል በዚሁ ይለማመዱ። በሁለተኛው ቀን ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ወደቀ፤ ትንሿም ፋይል ተጻፈች። አጥፍተሽ አብሪው ከፍቶ አነበባት፤ ወንድማችን ለካ ማንበብ ይችላል፣ የሚነበብ ነገር የሰጠው ሰው አልነበረም እንጂ። ጥፋተኛው ከሁለት ዓመት በፊት ተበላሽቶ የተጣለ የመለያ ወረቀት ማተሚያ ነበር። ማሽኑ ተጥሎ ሶፍትዌሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀርቷል፤ አዲሱ ፕሮግራም በየጊዜው ሶፍትዌሩን ይጠራዋል፣ ሶፍትዌሩም ማሽኑን ፈልጎ ያጣዋል፣ በዚያ ይደናቀፋሉ። ሶፍትዌሩ ወጣ። ይኸው ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም። የስኳሩ አዛውንትም ወንበራቸውን ይዘው መምጣት ትተዋል።

አምስተኛ፣ ስለ ሩብ ዓመት ሪፖርትዎ አመሰግናለሁ። በገጽ ስድስት ላይ «በዳይሬክቶሬቱ የተቀናጀ ርብርብ የመስኮት ቁጥር ሦስት ችግር በሙሉ ሜሞሪ ትንተና ተፈትቷል» የሚል አንብቤያለሁ። ያንን ግዙፍ ፋይል ምክንያት ሊፈልግበት የከፈተው ሰው እንደሌለ ብናውቅም፣ ጅብ ከሄደ በኋላ የጮኸ ውሻም ቢሆን ሪፖርት ማቅረቡ አይከለከልምና ደስታዎን እንጋራለን።

ልመናዬ ብዙ አይደለም። በሌሎቹ ክፍሎች ያሉት ስልሳ ኮምፒውተሮች ዛሬም ሁሉን ይይዛሉ፤ የጋራው ፎልደርም ዛሬም ለሁሉም ክፍት ነው። ምርጫውን መቀየር በአንድ ኮምፒውተር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የተሰበሰበውን ማጥፋት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ለፕሮግራሙ ሠሪዎች አንድ ደብዳቤ ጽፈው የሕሙማን ውጤት እንዳይካተት ቢጠይቁልን መልካም ነው፤ ደብዳቤ መጻፍ እንደሚችሉ እኔ ምስክር ነኝ። የእኔ ማስጠንቀቂያ ከማኅደሬ ይነሳልኝ። እርሷን ደግሞ በእግርዎ ወርደው፣ ያለ ፕሮጀክተርና ያለ አጃቢ፣ ይቅርታ ይጠይቋት። እጥበት ክፍሉ ከእርስዎ ቢሮ አራት ፎቅ ይርቃል፤ ወሬው በምን ያህል ፍጥነት እንደወረደ ስላየን መንገዱ አያስቸግርዎትም።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎም፣ በሰሌዳው ፊት ቆመው የሚያነቡትም አንድ ነገር ለማወቅ እንደምትፈልጉ ይገባኛል። ያቺ እህት አሁን እንዴት ናት? ያሰበችው ደርሶላት ይሆን? ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ሰጥቻት ስታነበው፣ ስለዚህ ጉዳይ የጻፍኳቸውን ሦስት መስመሮች በእርሳስ ሰረዘቻቸው። «ይኼ የኔ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ሦስቱ መስመሮች እዚህ የሉም፤ እኔን ብትጠይቁኝም መልሴ «ወረፋ» ነው።

የእርስዎን የአመራር ጥበብ ከግድግዳ ላይ ያነበብኩ፣ የፊርማዎን ቅርፅ በማስጠንቀቂያ የተማርኩ፣ ይቅርታ የመጠየቅ ችሎታዎን ደግሞ ለማየት በትሕትና የምጠብቅ፣

የመስኮት ቁጥር ሦስት ውጤት ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለሠራተኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለልብስ እጥበት ክፍል (ከታረመ በኋላ)
ለጽዳት ኃላፊው (በለሆሳስ እንዲነበብ)

ማሳሰቢያ፦ በዚያ ማክሰኞ ፋይል ውስጥ የነበረው የእርሷ ስም ብቻ አይደለም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የከፈትኳቸው የሌሎች አሥራ ሦስት ሰዎች ውጤትም አብሮ ተቀድቷል፤ ግድግዳው ላይ ያልወጡት ጭብጨባው ስለቀደማቸው ብቻ ነው። የእነማን እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። ክቡርነትዎ የራስዎ ስም ይኖርበት እንደሆነ ለማረጋገጥ ከፈለጉ መታወቂያዎን ይዘው፣ እንደማንኛውም ሰው ተሰልፈው ወደ መስኮቴ ብቅ ይበሉ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እነግርዎታለሁ።